የድልድይ መካከለኛ ምሰሶ፦ ከላይ ከሚጫነው ይልቅ ከጎን የሚገፋው

ድልድይን ከመንገዱ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በወለሉና በአጥሩ ላይ ነው። ከሥር ወርዶ ቢመለከት ግን በዳርና ዳር ካሉት ድጋፎች፣ ማለትም ከአባትመንቶቹ ሌላ፣ በመካከል የቆሙ አንድ ወይም ብዙ እግሮችን ያገኛል። የሙያው ሰዎች ፒየር ይሏቸዋል፤ እዚህ ምሰሶ እያልን እንቀጥላለን። አብዛኛው ሰው የምሰሶ ሥራ ከላይ የሚመጣን ክብደት መሸከም ብቻ ይመስለዋል። ይህ ሐሰት ባይሆንም፣ ክብደቱ ከምሰሶው ኃላፊነቶች ሁሉ ቀላሉ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምሰሶን ወፍራም፣ ጥልቅና ውድ የሚያደርገው ከጎን የሚመጣው ነው፤ ውሃው፣ ንፋሱ፣ ሙቀቱ፣ የመሬት መንቀጥቀጡና መንገድ የሳተው መርከብ።

መጀመሪያ ግን ምሰሶው ለምን እንዳስፈለገ እንይ። በሁለት ድጋፎች መካከል ያለው ርቀት ስፓን ይባላል። በላዩ ላይ እኩል የተበተነ ጭነት ያለውን አግዳሚ የሚያጎብጠው ኃይል የሚያድገው በስፓኑ ልክ ሳይሆን በስፓኑ ካሬ ነው። ስለዚህ አንድን ወንዝ በአንድ ዝላይ ከመሻገር ይልቅ መካከሉ ላይ ምሰሶ አቁመን አግዳሚውን ለሁለት ብንከፍለው፣ እያንዳንዱ ቁራጭ የሚደርስበት የማጉበጥ ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። አግዳሚው ሳይለወጥ ስፓኑ ብቻ በግማሽ ቢያጥር፣ ወደ ታች የሚረግበው መጠን ደግሞ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ያንሳል። አንዲት እግር ይህን ያህል ታቀላለች።

ከምሰሶው በላይ አግዳሚው ሳይቆረጥ አልፎ ከሄደ ግን ነገሩ ትንሽ ይለወጣል። ሁለት እኩል ስፓኖች ያሉት፣ የተቆረጠ አግዳሚ የተጫነበት ድልድይ ግማሽ ክብደቱን ለመካከለኛው ምሰሶ ይሰጣል። ያልተቆረጠው ግን ለምሰሶው የሚያስተላልፈው ከጠቅላላው ክብደት ስምንት እጅ አምስቱን ነው፤ የቀረውን ሁለቱ ዳሮች ይካፈሉታል። ያልተቆረጠ አግዳሚ መጋጠሚያ ስለሚቀንስና ቀጠን ስለሚል ዛሬ በብዛት ይመረጣል፤ ይሁንና አንዱ ምሰሶ ከሌሎቹ በተለየ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢሰምጥ፣ ማንም ያልጫነው አዲስ ጫና በአግዳሚው ውስጥ ይፈጠራል። መሬቱ ልል ከሆነና መስመጡን መቆጣጠር ካልተቻለ ቆራርጦ መሥራት እንደ ኋላ ቀርነት መታየት የለበትም።

ስንት ምሰሶ ይበቃል ለሚለው ጥያቄ በሙያው የቆየ አንድ መመሪያ አለ፤ የአንድ ምሰሶ ወጪ ከመሠረቱ ጋር ተደምሮ ከአንድ ስፓን አግዳሚ ወጪ ጋር ሲቀራረብ ድልድዩ ወደ ርካሹ ውጤት ደርሷል ይላል። መመሪያው ፍጹም አይደለም፤ የሚጠቁመው ነገር ግን ትክክል ነው። ደረቅና ጽኑ መሬት ላይ ምሰሶ ርካሽ ስለሆነ ማብዛት ያዋጣል። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ግን አንዷን ምሰሶ ለማስቀረት ሲባል ስፓኑን ማስረዘም ብዙ ጊዜ ይመረጣል።

የምሰሶው አካላት ብዙ አይደሉም። ከላይ አግዳሚዎቹ የሚያርፉበት ኮፍያ መሰል ራስ አለ፤ ከሥሩ አንድ ወይም ብዙ ቋሚዎች፣ ወይም እንደ ግድግዳ የረዘመ አካል ይከተላል። ከዚያ ታች በመሬት ውስጥ ሰፊ የመሠረት ንጣፍ፣ ወይም ፓይሎች፣ ማለትም ወደ ጥልቁ የወረዱ ረጃጅም ዓምዶች፣ እና እነሱን የሚያስር ወፍራም ኮንክሪት ይገኛል።

አሁን ወደ ክብደቱ እንመለስ። ዲያሜትሩ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 10 ሜትር የሆነ አንድ ክብ ቋሚ እናስብ። ከላይ የሚደርሰው የድልድዩና የተሽከርካሪዎቹ ክብደት 600 ቶን ይሁን። የቋሚው ስፋት 3.14 ስኩዌር ሜትር ስለሆነ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር ላይ የሚያርፈው 191 ቶን ገደማ ነው። ለድልድይ የሚሠራ ተራ ኮንክሪት ከመሰበሩ በፊት በአንድ ስኩዌር ሜትር 3,000 ቶን ያህል ይችላል። ቋሚው ከአቅሙ አሥራ አምስተኛውን እንኳ አልተጠቀመበትም ማለት ነው።

በዚሁ ቋሚ አናት ላይ 30 ቶን ብቻ ከጎን ይግፋ። ግፊቱ ከ10 ሜትር ከፍታ ስለሚመጣ ግርጌው ላይ የሚፈጥረው የማጉበጥ ኃይል 300 ቶን ሜትር ይሆናል። ይህ ኃይል በቋሚው አንደኛው ጎን በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር 382 ቶን የሚደርስ ተጨማሪ መጨመቅ፣ በሌላኛው ጎን ያንኑ ያህል መሳብ ያመጣል። የክብደቱ ሃያኛ ብቻ የሆነ የጎን ኃይል ክብደቱ ራሱ ከሚፈጥረው ጫና እጥፍ ፈጠረ ማለት ነው። ከዚህም የከፋው መሳቡ ነው፤ ክብደቱ የሚጨምቀው 191 ቶን ቢቀነስለትም ሌላ 191 ቶን መሳብ ይቀራል። ኮንክሪት መጨመቅን እንጂ መሳብን አይወድም፤ የመሳብ አቅሙ ከመጨመቂያ አቅሙ አሥረኛ ያህል ቢሆን ነው። በቋሚው ዙሪያ የሚደረደረው ፌሮ በዋናነት የሚገባው ስለዚህ ነው። ክብደቱ ራሱ ደግሞ፣ ምን ያህል እንደሚያስገርም እንጃ እንጂ፣ ቋሚውን ጨምቆ በመያዝ ከመሰንጠቅ የሚያግዘው ወዳጁ ሆኖ ይገኛል።

ይህ የጎን ኃይል ከየት ይመጣል? ከባድ መኪና ፍሬን ሲይዝ ወለሉን ወደ ፊት ይገፋዋል። ንፋስ አግዳሚውንና በላዩ ያሉትን ተሽከርካሪዎች ይገፋል። ሙቀትም አለ። 200 ሜትር የሚረዝም የኮንክሪት ወለል ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለወጥ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል ወይም ያጥራል። ወለሉ ከምሰሶዎቹ ሁሉ ጋር ተጣብቆ ቢሠራ እያንዳንዱን እግር ይዞ ይጎትታል። ስለዚህ በምሰሶው ራስና በአግዳሚው መካከል ቤሪንግ ይቀመጣል። የተለመደው ዓይነት የጎማ ንጣፎችና ስስ የብረት ሰሌዳዎች ተፈራርቀው የተጣበቁበት ብሎክ ነው፤ ብረቱ ጎማው በክብደት ተጨፍልቆ ወደ ጎን እንዳይወጣ ይይዘዋል፣ ጎማው ደግሞ ወለሉ ወዲያና ወዲህ እንዲንቀሳቀስ ይፈቅዳል። ከምሰሶዎቹ አንዱ ወይም ጥቂቶቹ ወለሉን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ሌሎቹ ይለቁታል። አጥብቆ የሚይዘው ምሰሶ የፍሬኑን ግፊት አብላጫ ስለሚወስድ ከጎረቤቶቹ ወፍሮ መታየቱ አንዳንዴ የሥዕል ስሕተት ይመስላል፤ ስሕተት ግን አይደለም።

ሌላው መንገድ ምሰሶውን ራሱን ተለማጭ ማድረግ ነው። በ2004 (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ የተከፈተው የሚዮ ድልድይ 2,460 ሜትር ይረዝማል፤ ከሰባቱ ምሰሶዎቹ ረጅሙ 245 ሜትር ገደማ ነው። ምሰሶዎቹ ከታች አንድ ወጥ አካል ሆነው ይነሡና የመጨረሻዎቹ 90 ሜትሮች ላይ ለሁለት ቀጫጭን እግሮች ይከፈላሉ። ወለሉ በሙቀት ሲረዝምና ሲያጥር እነዚህ እግሮች በርዝመቱ አቅጣጫ አብረው ይታጠፋሉ፣ በንፋሱ አቅጣጫ ግን ጽኑ ሆነው ይቆያሉ። ለጎብኚ ውበት የሚመስለው ክፍተት ሥራ ላይ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ የጎን ኃይሉ ከላይ አይገፋም፤ መሬቱ ከሥር ይሸሻል፣ ከባዱ ወለል ደግሞ ባለበት መቅረት ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ የሚጎዳው ረጅሙ ምሰሶ ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አጭሩ ነው። ውፍረታቸው እኩል የሆነ የ10 ሜትርና የ20 ሜትር ቋሚዎች አንድ ወለል ከያዙ፣ አጭሩ ከረጅሙ ስምንት እጥፍ ግትር ስለሆነ ስምንት እጥፍ ኃይል ወደ ራሱ ይስባል። ለዚህ ነው በሸለቆ ላይ በሚሠራ ድልድይ ዳር ዳር ያሉት አጫጭር እግሮች በተለየ ጥንቃቄ የሚነደፉት፤ አንዳንዴም ተንሸራታች ቤሪንግ ተሰጥቷቸው ከሸክሙ ይገላገላሉ።

በጥር 1995 በጃፓን ኮቤ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የሀንሺን የፍጥነት መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ክፍሉ ከነአንድ እግር ምሰሶዎቹ ወደ ጎን ተጋደመ። ከታዩት ድክመቶች አንዱ ከቋሚዎቹ ውስጥ ካለው ፌሮ ከፊሉ እስከ አናት ሳይደርስ መካከል ላይ መቆሙ ነበር፤ ሌላው የስታፋው ማነስ ነው። ስታፋ በቋሚው ፌሮ ዙሪያ በየተወሰነ ርቀት የሚታሰር ቀለበት ነው። ኮንክሪቱ ተሰነጣጥቆ ሊበተን ሲል እንደ በርሜል ቀለበት አቅፎ የሚይዘው እሱ ነው፤ በዚህ እቅፍ ውስጥ ያለ ኮንክሪት የተጎዳ ሆኖም ክብደት መሸከሙን ይቀጥላል። እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የስታፋው ጫፍ። ጫፉ በ90 ዲግሪ ታጥፎ ከቋሚው ፌሮ ጎን ብቻ ከተለጠፈ፣ የውጭው የኮንክሪት ልባስ ሲረግፍ መንጠቆው ይፈታና ቀለበቱ ይከፈታል። በ135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ውስጠኛው ኮንክሪት ከገባ ግን ልባሱ ቢረግፍም አይለቅም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብረትና ለሠራተኛው የተወሰነ መቸገር ነው። ካሳፎርማው፣ ማለትም ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ፣ ከተዘጋና ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ማንም ሊያየው ስለማይችል፣ በእኔ አስተያየት በምሰሶ ግንባታ ላይ ተቆጣጣሪ ከሁሉ በፊት ጎንበስ ብሎ ሊያየው የሚገባ ነገር ይኸው ነው።

ከመንቀጥቀጥ ጋር መጋጨትን ትቶ መንገድ መልቀቅም ይቻላል። በግሪክ በ2004 የተከፈተው የሪዮን አንቲሪዮን ድልድይ ትልልቅ ምሰሶዎች የቆሙት ጥልቀቱ 65 ሜትር በሚደርስ ባሕር ውስጥ፣ አለት በማይገኝበት ልል አፈር ላይ ነው። አፈሩ በብረት ቱቦዎች ተጠናክሮ በላዩ ጠጠር ተነጠፈ፤ ዲያሜትራቸው 90 ሜትር የሆኑት መሠረቶች በጠጠሩ ላይ ተቀመጡ እንጂ ከቱቦዎቹ ጋር አልታሰሩም። ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ቢመጣ መሠረቱ ጥቂት ይንሸራተታል፣ አይሰበርም።

የመርከብ ግጭት በአጭሩ የሚነገር ነው፤ ግጭቱን እንዲችል ተደርጎ የሚሠራ ምሰሶ በጣም ውድ ስለሚሆን፣ መርከቡ ምሰሶው ዘንድ እንዳይደርስ ማድረግ ይሻላል። በግንቦት 1980 በአሜሪካ ፍሎሪዳ የሰንሻይን ስካይዌይ ድልድይ በመርከብ ተመትቶ 35 ሰዎች ሞቱ። በመጋቢት 2024 በባልቲሞር የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ከዋና ምሰሶዎቹ አንዱ በጭነት መርከብ ሲመታ ዋናው የብረት አካል በሙሉ ወደቀ፤ በላዩ ሲሠሩ ከነበሩት ስድስት ሰዎች ሞቱ። በምሰሶ ዙሪያ የሚደረደሩ የድንጋይ ደሴቶችና ለብቻቸው የቆሙ የኮንክሪት መከላከያዎች ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ወንዝ ነው። ወንዝ ምሰሶን የሚጥለው አካሉን ገፍቶ ከመስበር ይልቅ ከሥሩ ያለውን አፈር ወስዶበት ነው። በሚፈስ ወንዝ ውስጥ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው አሸዋው ከተረከዙ ሥር ሲሄድና እግሩ ቀስ በቀስ ሲሰምጥ ተሰምቶት ያውቃል። በምሰሶም የሚሆነው ይኸው ነው። ከላይ የመጣው ውሃ የምሰሶውን ፊት ሲመታ ከፊሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ የወንዙን ወለል እንደ አካፋ ይቆፍራል፣ ከዚያ በሁለቱም ጎን እየተሽከረከረ እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት ምሰሶውን ከብቦ ያልፋል። የሚቆፈረው ጉድጓድ ጥልቀት በዋናነት ከምሰሶው ስፋት ጋር ያድጋል፤ የስፋቱን ሁለት እጥፍ ገደማ ሊደርስ ይችላል። የፍጥነቱ ጉልበትም ቀላል አይደለም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ውሃው ምሰሶውን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ፣ ሊያንከባልለው የሚችለው ድንጋይ ክብደት ደግሞ ስድሳ አራት እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ የምሰሶው ቅርጽ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። 10 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ መሰል ምሰሶ ጫፉን ወደ ውሃው አቅንቶ ሲቆም ውሃው የሚያየው 1.5 ሜትር ብቻ ነው። በጎርፍ ጊዜ ወንዙ አቅጣጫውን በ20 ዲግሪ ቢቀይር ግን የሚያየው ስፋት ወደ 4.8 ሜትር ያድጋል፤ ጉድጓዱም አብሮ ይጠልቃል። መስመሩን በሚቀያይር ወንዝ ላይ ክብ ቋሚ የሚመረጠው ክብ ከየትም አቅጣጫ ቢታይ ስፋቱ ስለማይለወጥ ነው። ይህም ቢሆን ጣጣ አለው፤ ተቀራርበው የቆሙ በርካታ ክብ ቋሚዎች ጎርፍ ያመጣውን ግንድና ቅርንጫፍ ይይዛሉ፣ የተያዘው ግንድ ደግሞ ምሰሶውን በብዙ እጥፍ ያሰፋዋል።

ምሰሶን በማወፈር ከወንዝ ለመዳን የሞከሩት አልቀናቸውም። በ1209 የተጠናቀቀው የጥንቱ የለንደን ድልድይ አሥራ ዘጠኝ ቅስቶች ነበሩት፤ ወፋፍራም እግሮቹና እነሱን ለመጠበቅ ዙሪያቸውን የተሠሩት መከላከያዎች የወንዙን አብዛኛውን ስፋት ዘግተውት ነበር። የጠበበው ውሃ በቅስቶቹ መካከል ፈጥኖ ያልፋል፤ ፈጥኖ ሲያልፍ ይቆፍራል፤ ሲቆፍር መከላከያው ይሰፋል፤ መከላከያው ሲሰፋ ውሃው ይበልጥ ይጠብባል። ድልድዩ በዚህ አዙሪት ውስጥ እየተጠገነ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቆየ፤ በ1831 በአዲስ ድልድይ ተተካ።

የመሸርሸር ተንኮሉ ያለው ምልክቱን በማጥፋቱ ነው። ጉድጓዱ የሚጠልቀው ጎርፉ በሚያይልበት ሰዓት፣ ውሃው ደፍርሶ ምንም በማይታይበት ጊዜ ነው፤ ጎርፉ ሲቀንስ ያመጣውን አሸዋ መልሶ እዚያው ያራግፋል። በማግስቱ የሚመጣ መርማሪ ደልዳላ ወለል ያያል፤ ከሥሩ ያለው አሸዋ ግን የሚቀጥለው ጎርፍ በደቂቃዎች ሊወስደው የሚችል ልል ሙሊት ነው። በሚያዝያ 1987 በኒው ዮርክ ግዛት የስኮሃሪ ክሪክ ድልድይ ሲወድቅ መሠረቶቹ ፓይል የሌላቸው፣ ጽኑ ተብሎ በታመነ አፈር ላይ የተቀመጡ ንጣፎች ነበሩ። በዙሪያቸው የነበረው የድንጋይ ሙሊት መጠበቂያነቱን አጥቶ ነበር፤ በጎርፉ ቀን ከአንዱ ምሰሶ ሥር ያለው አፈር ተወሰደና ምሰሶው ተገለበጠ፣ አሥር ሰዎችም ሞቱ። በፖርቱጋል በዶውሮ ወንዝ ላይ የነበረው የሂንትዝ ሪቤይሮ ድልድይ በመጋቢት 2001 ምሰሶው ተነቅሎ 59 ሰዎች ሲያልቁ፣ ከጎርፉ በተጨማሪ ከወንዙ ለዓመታት የተዛቀው አሸዋ የወንዙን ወለል ዝቅ አድርጎት ነበር። ከድልድይ አጠገብ አሸዋ ማውጣት የድልድዩን መሠረት ከሌላ አቅጣጫ መቆፈር ማለት ነው።

ስለዚህ ነዳፊው መሠረቱን የሚያስቀምጠው ዛሬ ከሚታየው የወንዝ ወለል ሥር ሳይሆን፣ ትልቁ ጎርፍ ቆፍሮ ከሚደርስበት ጥልቀት ሥር ነው። ፓይል ከሆነም ከላይ ያለው አፈር እንደሌለ ተቆጥሮ ይሰላል። አፈሩ ሲሄድ ፓይሉ የሚያጣው በጎኑ የሚይዘውን ፍትጊያ ብቻ አይደለም፤ በአየር ላይ የቆመው ቁመቱም ይጨምራል፤ ያ የ10 ሜትር ቋሚያችን የ15 ሜትር ይሆናል፣ ያው 30 ቶን የሚፈጥረው የማጉበጥ ኃይልም ከ300 ወደ 450 ቶን ሜትር ያድጋል።

ይህን ጥልቀት በውሃ ውስጥ መድረስ የራሱ ትግል አለው። የቆየው መንገድ ኮፈርዳም ነው፤ የብረት ሰሌዳዎች እርስ በርስ ተያይዘው በዙሪያው ይመታሉ፣ ውሃው ይቀዳል፣ ሥራው በደረቅ ይሠራል። ሆኖም በዙሪያ ያለው ውሃ ከሥር ሰርጎ ወለሉን ወደ ላይ ይገፋል። ከውሃው ገጽ እስከ ወለሉ ግርጌ 10 ሜትር ከሆነ፣ ይህን ግፊት በክብደቱ ብቻ ለመመከት ከ4 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ኮንክሪት መፍሰስ አለበት፤ ይህም ውሃው ሳይቀዳ በፊት ነው። ኮንክሪት በውሃ ውስጥ መፍሰሱ ብዙዎችን ያስገርማል፤ ኮንክሪት ግን የሚጠነክረው ስለሚደርቅ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ስለሚዋሃድ ነው። አደጋው መታጠቡ ነው። ለዚህም ረጅም ቱቦ እስከ ታች ይወርድና ኮንክሪቱ በእሱ ይላካል፤ የቱቦው አፍ ዘወትር በፈሰሰው ኮንክሪት ውስጥ እንደተቀበረ መቆየት አለበት። ቱቦውን አንድ ጊዜ አብዝቶ ወደ ላይ መሳብ ውሃ ያስገባል፤ በዚያ ቦታ የሚቀረው ሲሚንቶው የታጠበ ጠጠርና አሸዋ ነው። ተቆፍረው የሚሞሉ ፓይሎችም የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ስለሆነ፣ ከፌሮው ጋር ቱቦዎች ተቀብረው በድምፅ ሞገድ ውስጣቸው ይመረመራል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሰዎች ራሳቸው ወደ ታች ይወርዱ ነበር። ታችኛው ክፍት የሆነ ግዙፍ ሣጥን፣ ኬይሰን የሚባለው፣ በወንዙ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ውሃው እንዳይገባ የታመቀ አየር ይሞላበታል፤ ሠራተኞች በውስጡ እየቆፈሩ ሣጥኑ ከላዩ ከሚሠራው ግንብ ጋር አብሮ ይሰምጣል። በየ10 ሜትሩ የአየሩ ግፊት በአንድ አትሞስፌር ይጨምራል። ከዚያ በፍጥነት የወጣ ሰው በደሙ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያዎቹን ያሠቃየዋል፣ ሽባ ያደርገዋል፣ ይገድለዋል። የብሩክሊን ድልድይ ዋና መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ በዚህ ሕመም ተጎድቶ አልጋ ላይ ዋለ፤ ድልድዩ በ1883 እስኪከፈት ድረስ መመሪያዎቹን ወደ ሥራው ቦታ ታደርስ የነበረችው ባለቤቱ ኤሚሊ ናት። በማንሃተን በኩል ያለው ኬይሰን 24 ሜትር ገደማ ሲደርስ አለቱን ሳይነካ በጽኑ አሸዋ ላይ እንዲቆም ሮብሊንግ ወሰነ፤ ሰዎች እየሞቱ ስለነበር። ግንቡ ዛሬም በዚያው አሸዋ ላይ ቆሟል።

ድልድዩ ተመርቆ መኪና ከሄደበት በኋላ ምሰሶው የሚጠበቀው በቀላል መሣሪያ ነው። መርማሪው ከወለሉ አጥር አጠገብ ቆሞ በየምሰሶው ጎን ክብደት የታሰረበት ገመድ ያወርዳል፣ ወይም ከጀልባ ላይ በድምፅ ሞገድ ይለካል፤ የወንዙ ወለል ያለበትን ከፍታ ይመዘግባል፤ ከባለፈው ዓመትና ከዚያ በፊት ከነበሩት ቁጥሮች ጎን ያሰፍረዋል። ከሥሩ አንድ የማይለወጥ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ የመሠረቱ ግርጌ ያለበት ከፍታ።